አለመፍረስ ብቻ በቂ ነውን?

አንድ ቀጭን የብረት ሽቦ ወስዳችሁ አንድ ቦታ ላይ ደጋግማችሁ ብታጥፉትና ብታቃኑት ይሞቃል፤ ብትቀጥሉበትም ይበጠሳል። የክንዳችሁ ድካም የትም አልጠፋም፤ ሽቦውን ለማጠፍና ለማሞቅ ዋለ እንጂ። በርዕደ መሬት ጊዜ በሕንፃ ላይ የሚደርሰውም ከዚህ የራቀ አይደለም። ወደ ሕንፃው የገባው ኢነርጂ የግድ አንድ ቦታ ማረፍ አለበት። የእኛም ጥያቄ «የት ይረፍ?» የሚል ነው።

ጥያቄው ለጅግጅጋና ለሰሜናዊ የሶማሌ ክልል ከተሞች እንግዳ ሊሆን አይገባም። ሽንሌ፣ ኤረርና አይሻ የሚገኙት ወደ አፋር ስምጥ በሚያዘነብለው ቆላ ነው። ጅግጅጋም በካራማራ ተራራ ማዶ በከፍታ ላይ ብትሆን ከስምጡ እጅግ የራቀች አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1961 የካራ ቆሬው ርዕደ መሬት ማጀቴን፣ በ1969 ደግሞ ሌላ ርዕደ መሬት በአፋር የምትገኘውን ሰርዶን አፍርሷል። ከ2024 መጨረሻ እስከ 2025 መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው መንቀጥቀጥም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችንን ከቀያቸው አፈናቅሏል።

የሶማሌ አርብቶ አደር አቃል ከተቆለመመ እንጨትና ከምንጣፍ የሚሠራ በመሆኑ ቀላልና ተለጣጭ ነው። በኒውተን ሁለተኛ ሕግ መሠረት ቤቱ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከመጠነ ቁሱ ጋር ስለሚያድግ፣ አቃል ርዕደ መሬትን ብዙ አይፈራም። ዛሬ በከተሞች የሚነሡት የአርማታና የብሎኬት ፎቆች ግን ከባድ ናቸው። አጥንቱ ብረት የሆነ ሕንፃ ከእነዚህ ይቀላል፤ ከመሰበሩ በፊትም ብዙ ይታጠፋል።

ይሁን እንጂ ብረት በራሱ ዋስትና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 በካሊፎርኒያ ከደረሰው የኖርዝሪጅ ርዕደ መሬት በኋላ፣ የበርካታ ብረት ሕንፃዎች አግዳሚ ከዓምድ ጋር የተበየደበት ቦታ ተሰንጥቆ ተገኝቷል። በ2011 በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች 185 ሰዎች ሲሞቱ፣ ሳይወድቁ የቀሩ ብዙ ሕንፃዎችም ሊጠገኑ ባለመቻላቸው በኋላ እንዲፈርሱ ተደርጓል። ሕንፃዎቹ ሰው አትርፈዋል፤ ከተማውን ግን አላተረፉም።

መሐንዲሶች ያገኙት መፍትሔ የሚጎዳውን ክፍል አስቀድሞ መምረጥ ነው። በአንደኛው ዘዴ አግዳሚውና ዓምዱ ረዘም ባሉ ቀዳዳዎች ውስጥ በጠበቁ ብሎኖች ይያያዛሉ፤ መንቀጥቀጡ ልክ ሲያልፍ መጋጠሚያው ይንሸራተትና ኢነርጂው በሰበቃ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በሌላው ዘዴ ሰያፍ ድጋፎች በሚገናኙበት ቦታ አጭር የብረት ቁራጭ ይገባል። እርሱ ይጎዳል፣ ሌላው ይተርፋል፤ በኋላም ብሎኑ ተፈትቶ እንደ መኪና የፍሬን ሸራ ይለወጣል።

አገራችን እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣውን የርዕደ መሬት ደንብ በ2015 የአውሮፓን መለኪያ በተከተለ ደንብ ተክታለች። ይህ ደንብ ሕንፃው በከባዱ መንቀጥቀጥ እንዳይወድቅ፣ ቶሎ ቶሎ በሚደርሰው ቀላሉ ደግሞ እንዳይጎዳ ይጠይቃል፤ ከሆስፒታልም የበለጠ ጥንካሬ ይሻል። የሚጎዳው ክፍል ተፈትቶ የሚለወጥ ይሁን አይሁን ግን ለባለ ሕንፃው ምርጫ የተተወ ነው።

እኛ እንደምናምነው ይህ ምርጫ ለአንዳንድ ሕንፃዎች ግዴታ መሆን አለበት። ብረት በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ውድ ዕቃ ስለሆነ ሁሉም ቤት በብረት ይሠራ አንልም። ነገር ግን በጅግጅጋ ሆስፒታል ተኝቶ የሚታከመው የከተማው ሰው ብቻ አይደለም፤ ከቀብሪ በያህና ከቶጎ ውጫሌ የመጣም አለ። ሆስፒታሉ ሳይወድቅ ቢዘጋ፣ በአደጋው ማግሥት ቁስለኛው ወዴት ይሂድ? የማርዳን ዳገት ተሻግሮ ሐረር እስኪደርስ ሊቆይ የማይችል ብዙ ነው።

ስለዚህ የነገ መሐንዲሶች ሆይ፣ የሆስፒታል ንድፍ በቀረበላችሁ ጊዜ «ይወድቃል ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። «ኢነርጂው የት ይረፍ? የተጎዳውንስ በስንት ቀን እንለውጠዋለን?» ብላችሁም ጠይቁ።