ውሃን በኃይል የሚረጭ የማጠቢያ መኪና ስለ መምረጥ

ግቢን፤ አውቶሞቢልንና ግንብን ለማጠብ ውሃን በኃይል የሚረጭ መኪና የሚገዛ ሰው በአዲስ አበባ እየበዛ ሄዷል። መሣሪያው ድካምን የሚያቀል፤ ጊዜንም የሚያተርፍ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ብዙዎች በሣጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን የግፊት ቁጥር ብቻ አይተው ስለሚመርጡ፤ የአንባቢዎቻችን ገንዘብ በከንቱ እንዳይቀር ጥቂት ምክር ልናቀርብ ወደድን።

አንደኛ፤ እድፍን የሚያላቅቀው ግፊቱ ነው፤ የተላቀቀውን ጠርጎ የሚወስደው ግን የውሃው ብዛት ነው። ስለዚህ የባሩን ቁጥር በየደቂቃው በሚወጣው ሊትር አባዝቶ ማመዛዘን ይገባል። 150 ባርና 6 ሊትር ያለው 900 ሲሆን፤ 110 ባርና 9 ሊትር ያለው 990 ይሆናል። በግፊት ያነሰው በሥራ በለጠ ማለት ነው። ደግሞም ከፍተኛ ተብሎ የተጻፈው ግፊትና መኪናው ዘወትር የሚሠራበት ግፊት አንድ ስላልሆኑ፤ ሻጩን ሁለተኛውን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፤ የመኪናው ዕድሜ በፓምፑና በሞተሩ ይወሰናል። ራሱ ከናስ የተሠራ ፓምፕ ከፕላስቲኩ ይልቅ ይበረክታል። በኤሌክትሪክ ከሚሠሩትም ካርቦን የሌለው ሞተር ክብደቱና ዋጋው ቢበልጥም ድምፁ ዝግ ያለ፤ ዕድሜውም የረዘመ ነው፤ የሌላው ካርቦን ግን እየተፋተገ ያልቃል። በቤንዚን የሚሠራው፤ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት አየሩ እየሳሳበት ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከው ደግሞ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የእኛ ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ስለ ሆነ እንዲሁ ቢሰካ ይቃጠላል።

ሦስተኛ፤ ፓምፕን ፈጥኖ የሚገድለው ያለ ውሃ መሥራት ነው። የቧንቧ ውሃ በሚቆራረጥበት ሰፈር፤ ከበርሜል መሳብ የሚችለውን መርጦ መግዛት፤ በርሜሉንም ከመኪናው ከፍ አድርጎ ማኖር፤ በመግቢያውም ላይ ማጥለያ ማድረግ ይገባል። ምላጩ ሲለቀቅ ሞተሩ በራሱ የማይቆም ከሆነ፤ ከሁለት ደቂቃ በላይ እንዲሁ አይተው፤ በፓምፑ ውስጥ የሚዞረው ውሃ ግሎ የጎማ ማሸጊያውን ያበላሸዋልና።

በመጨረሻም ወላጆች ይህን ልብ ይበሉ። ጠባቡ የውሃ ክር ቆዳን በስቶ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ቢያህልም፤ ውሃና ቆሻሻ በሥጋ ውስጥ ስለሚሠራጭ ጣትን ወይም እጅን እስከ ማሳጣት ይደርሳል። እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ሰው ሕመሙ ቢያንስም ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። ስለዚህ የምላጭ መቆለፊያ የሌለውን መኪና ልጆች ባሉበት ቤት ማስገባት አይገባም። ፓምፕ ቢሰበር በመለዋወጫ ይጠገናል፤ የልጅ እጅ ግን መለዋወጫ የለውም።