ቶሎ የሚያረጋጋው ክኒን ዋናው ሕክምና አይደለም

"ዶክተር፣ ለጭንቀት ፍሎክሰቲን ታዞልኝ አንድ ሳምንት ወሰድኩ፣ ምንም ለውጥ የለም፤ እንዲያውም ባሰብኝ። ጓደኛዬ የሰጠችኝ ዲያዜፓም ግን ወዲያው አረጋጋኝ። እሱን ልቀጥል?" ይሄ ጥያቄ መልኩን እየቀያየረ በተደጋጋሚ ይደርሰኛል።

መልሴ አይሆንም ነው። ግን ጥፋቱ የጠያቂዋ አይመስለኝም። መድኃኒቱን ስንሰጣት ያልነገርናት ነገር አለ።

ዲያዜፓም በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊያረጋጋ ይችላል። በሐኪም ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ ከሆነ ጥሩ መድኃኒት ነው። ችግሩ ሰውነት ይለምደዋል፤ ከ2 እስከ 4 ሳምንት በላይ እንዲወሰድ የማንፈልገውም ለዚህ ነው። ለወራት የወሰደ ሰው ድንገት ቢያቆም ደግሞ እንቅልፍ ማጣት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ሲብስም ራስን ስቶ መንፈራገጥ ሊመጣበት ይችላል። የሚቀነሰው ቀስ በቀስ፣ በክትትል ነው። ከአልኮል ወይም ከትራማዶል ጋር ሲወሰድ ትንፋሽ እስከማቆም ሊያደርስ ይችላል (በዚህ ቀልድ የለም)።

ፍሎክሰቲንና ሰርትራሊን ዘገምተኛ ናቸው። ለውጡ እስኪታይ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽ፣ መቁነጥነጥ፣ እንቅልፍ ማጣት ሊኖር ይችላል። ታማሚው ይሄን ቀድሞ ካልሰማ "አልተስማማኝም" ብሎ ይተወዋል። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን፣ በተለይ በወጣቶች ላይ፣ ነገ የሚባል ነገር የለም፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም!

ፕሮፕራኖሎልስ? የልብ ምቱንና መንቀጥቀጡን ይቀንሳል እንጂ ሐሳቡን አያቆምም። አስም ላለበት ሰው አይሰጥም፤ የስኳር ታማሚ ላይም የስኳር ማነስ ምልክቶችን ይደብቃል።

ነርስ የሆናችሁ ደግሞ ስሙኝ። ታማሚው እኛ ፊት አንገቱን ነቅንቆ ይወጣና በር ላይ "ሲስተር፣ ይሄ ለምንድነው?" የሚለው እናንተን ነው። እኔ ብሆን ስንት ጊዜ እንደሚዋጥ ከመናገሬ በፊት መቼ መሥራት እንደሚጀምር እነግረዋለሁ። ዲያዜፓም ለሚወስዱ አዛውንት ደግሞ ቤተሰቡን ጠርታችሁ፣ ሌሊት ሽንት ቤት ሲነሱ ብቻቸውን እንዳይሄዱ ንገሩ፤ መውደቅ አለ። በደም ሥር ስትሰጡም ለአዋቂ በደቂቃ ከ5 ሚሊግራም ሳይበልጥ፣ ዓይናችሁ ትንፋሹ ላይ ይሁን።

ጠያቂዬ፣ ፍሎክሰቲኑን በራስሽ አታቋርጪ። ዲያዜፓሙን ስንት ቀን እንደወሰድሽም ለሐኪምሽ ሳትደብቂ ንገሪው።