ስልክ የገዛ ሰው ጂሜይሉንም ይዞ ይውጣ

በአገራችን ስልክ ሲሸጥ ሳይሸጥ የሚቀር ነገር አለ። ቀፎው፣ ቻርጀሩና ካርቶኑ ለገዢው ይሰጣሉ። ስልኩ የተከፈተበት ጂሜይል ግን ሻጩ ዘንድ ይቀራል። ብዙ ጊዜ እሱም ዘንድ አይቆይም፤ ደንበኛው ከሱቁ ሳይርቅ ተረስቷል። እኔ ደሴ ፒያሳ ሞባይል የምጠግን ሰው ነኝ። ስክሪን እቀይራለሁ፣ የቻርጅ መሰኪያ እበይዳለሁ፣ ባትሪ እለውጣለሁ። ሰው እንባ አቅርሮ የሚመጣብኝ ግን ስልኩ ሲሰበር አይደለም። ስልኩ ደህና ሆኖ ባለቤቱን «አላውቅህም» ሲለው ነው።

በየሱቁ የሚሆነውን ሁሉም አይቶታል። ገዢዋ ገንዘቧን ከፍላ ትቆማለች። ሻጩ ስልኩን ያበራል፣ ቋንቋውን እንግሊዝኛ ያደርጋል፣ ኢሜይል ሲጠየቅ የመጣለትን ስም ከቁጥር ጋር ይጽፋል፣ የልደት ቀን ጃንዋሪ 1 ይሞላል፣ ለደንበኛ ሁሉ የሚጠቀምባትን ያችኑ ፓስወርድ ያስገባል። ከዚያ ቴሌግራምና ኢሞ ይጭንላትና «ይኸው፣ አልቋል» ይላታል። እሷም መርቃው ትሄዳለች። ሻጩ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ከኋላዋ ሌላ ደንበኛ ቆሟል፣ ገዢዋም «አንተው አስተካክልልኝ» ብላዋለች። አንዳንዱ ግን ለማፍጠን ሲል የባሰውን ያደርጋል፤ የገዛ ራሱን ጂሜይል ያስገባበታል።

ይህ ምን እንደሚያመጣ ገዢዋ አታውቅም። የሻጩ ጂሜይል ያለበት ስልክ ላይ የምትመዘግበው የሰው ቁጥር ወደ ሻጩ አካውንት ሊሄድ ይችላል። የፎቶ ምትኬው ከበራ የምታነሳው ፎቶም እዚያው ይከማቻል። ስልኩ የት እንዳለ በካርታ የማየት መብትም ያለው ያ አካውንት በእጁ ላለ ሰው ነው። አንዲት ልጅ ቤቷ ውስጥ ሻሿን አውልቃ ከእህቷ ጋር የተነሳችውን ፎቶ የማታውቀው ወንድ ሱቁ ቁጭ ብሎ ሊያየው ይችላል ማለት ነው። ያያል እያልኩ አይደለም። ሊያይ መቻሉ ብቻውን ግን ለእኔ ከበቂ በላይ ነው።

ስልኩን ከጂሜይሉ ጋር የሚያስረው መቆለፊያ ራሱ ለክፋት አልተሠራም። በፈረንጆች 2015 አንድሮይድ 5.1 ከወጣ ወዲህ፣ ስልክ ከውጭ በቁልፎቹ ፎርማት ቢደረግ ተመልሶ የሚከፈተው ቀድሞ በነበረበት ጂሜይል ወይም በቀድሞው የስክሪን ቁልፍ ነው። የታሰበው ለሌባ ነው፤ ሰርቆ ቢያጸዳው እንኳ አካውንቱን ካላወቀ ቀፎው አይሠራለትም። ይህን መቆለፊያ እወደዋለሁ፤ ስንት የተሰረቀ ስልክ ሳይሸጥ እንዳስቀረ አውቃለሁ። ነገር ግን መቆለፊያው ባለቤት የሚለው ገንዘብ የከፈለውን አይደለም፤ ጂሜይሉን የሚያውቀውን ነው። የእኛ አገር ገዢ ደግሞ ከፋይ እንጂ አዋቂ አልተደረገም።

ፓተርን የተረሳበት ስልክ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ጂሜይልሽን ታውቂዋለሽ?» ብዬ ነው። በአብዛኞቹ የአሁን ስልኮች ያለ ፓተርኑ ወደ ውስጥ የሚያስገባ መንገድ የለም፤ ፎርማት መደረጉ ግድ ነው፣ ሲደረግ ደግሞ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ጂሜይሉ የራሷ ከሆነና ምትኬው ከበራ ፎቶውም ቁጥሩም ተመልሶ ይመጣል። ካልሆነ ሁለት ጊዜ ትከስራለች፤ ያላትን ታጣለች፣ ባዶው ስልክም ይቆለፍባታል።

ከሳዑዲ የተመለሰች አንዲት የኩታበር ልጅ ጉዳይ እስካሁን ያንገበግበኛል። ስልኩን የገዛችው ሪያድ ነው፣ ጂሜይሉን የከፈተላት የሱቁ ሰው ነው፣ አካውንቱ የሚመለስበት ቁጥርም የዚያው አገር ሲም ነበር። ሲሙ እዚያው ቀርቷል። የወንድሟ ልጅ ፓተርኑን ቀይሮ ሲረሳው ስልኩ ተቆለፈባት፣ ሌላ ጥገና ቤት ፎርማት አደረገባት፣ ከዚያ ወደ እኔ መጣች። እሷ ስለ ፎቶ አላነሳችም። የምትፈልገው አንድ ስልክ ቁጥር ነበር፤ የሁለት ዓመት ደመወዟን ግማሽ በአደራ ያስቀመጠችባትን፣ አሁንም እዚያው የምትሠራውን ጓደኛዋን ቁጥር። ሌላ ቦታ አልጻፈችውም። ጓደኛዋ የሐረርጌ ልጅ ናት፣ ቤተሰቧን አታውቃቸውም። የስልኩን ካርቶን ከነደረሰኙ ስላመጣች ከፍቼ ሰጠኋት። ቁጥሩን ግን ከየት ላምጣው? ጂሜይሉ በእጇ ቢሆን ከደቂቃ በኋላ ስክሪኑ ላይ ይወጣ ነበር።

«ካርቶን አምጪ» ማለቴ ብዙ ሰው ያስቆጣል። ጂሜይል ማስከፈት የሚባለው ሥራ ገበያ አለው፤ ኮምፒውተር ላይ በሚጫኑ መሣሪያዎች መቆለፊያውን የሚያልፉ አሉ። ፊቴ የቆመው ሰው ባለቤት ይሁን ሌባ የማውቅበት መንገድ ግን ጠባብ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው 15 አሃዝ ቁጥር፣ አይኤምኢአይ የሚባለው፣ ስልኩ ከያዘው ጋር ከተመሳሰለ እከፍታለሁ። ያገለገለ ስልክ የገዛ ድሃ ግን ካርቶን ከየት ያመጣል? ሠርቶ በገዛው ስልክ እንደ ሌባ መጠርጠሩ ሲያሳዝነው ፊቱ ላይ አየዋለሁ። እሱን ብመልሰው በደልኩት፣ ያለ ማስረጃ ብከፍት ደግሞ ነገ የሌባ ደንበኛ ሆንኩ። ይህ ሁሉ የሚመጣው ስልኩ መጀመሪያ ሲበራ አምስት ደቂቃ ስለተቆጠበች ነው።

ስለዚህ ነገር ባነሳሁ ቁጥር ሻጮች ወንድሞቼ አንድ መልስ አላቸው፤ «ያልተማረች እናት ፓስወርድ ምን ታደርጋለች? ትረሳዋለች»። አልስማማም። እነዚህ እናቶች የእድሩን፣ የእቁቡን ሂሳብ፣ የማን ተራ እንደሆነና ማን እንደቀረ ያለ ወረቀት የሚይዙ ናቸው። የቴሌብር ሚስጥር ቁጥራቸውን ለወለዱት ልጅ እንኳ አይነግሩም። ያንን የያዙት ገንዘባቸው መሆኑን ስላወቁ ነው። ጂሜይሉም ንብረታቸው መሆኑን የነገራቸው የለም። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ገና ሲበሩ አማርኛ መምረጥ ይቻላል፤ ያንን መርጦ ስልኩን በእጃቸው አስይዞ «ስምዎን ይጻፉ፣ እማማ» ማለት የሚከብድ አይደለም። መጻፍ የማይችሉ ከሆኑ የሚያምኑት ልጅ አብሯቸው ይምጣ። ልጁም ቢሆን የራሱን ጂሜይል ሳይሆን የእናቱን ይክፈት። የልጁ ከገባ የሥራ ባልደረቦቹ ቁጥር እናቱ ስልክ ላይ ይደረደራል፣ ልጁ ፓስወርድ በቀየረ ቀን ደግሞ የእናቱ ስልክ መልሶ ይጠይቃታል።

ሱቅ ያላችሁ፣ ለሁሉም ደንበኛ አንድ የራሳችሁን ቁጥር ማስገባቱንም ተዉት። ጉግል አንድ ስልክ ቁጥር ለተወሰነ አካውንት ማረጋገጫ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ኋላ እናንተኑ «ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ አገልግሏል» ብሎ ይመልሳችኋል። የደንበኛውን ቁጥር አስገቡ። አድራሻውንና ፓስወርዱን ራሱ ደንበኛው ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ ወረቀቱን ከመታወቂያው ጋር ቤቱ ያስቀምጥ። ካርቶኑ ውስጥ አይሁን፤ ያገለገለ ስልክ ሲሸጥ ካርቶኑ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ሲሸጥም ፎርማቱ ስልኩ ክፍት እያለ ከቅንብሮች ውስጥ ይደረግ፣ ያኔ መቆለፊያው ለአዲሱ ገዢ አይተርፍም።

ስልክ የያዛችሁ ደግሞ ዛሬ ቅንብሮች ግቡ፣ ጉግል የሚለውን ንኩ፣ ከላይ የሚታየውን የኢሜይል አድራሻ አንብቡት። የማታውቁት ስም ከሆነ መጀመሪያ የሰዎቻችሁን ቁጥርና ፎቶ ሜሞሪ ካርድ ላይ ገልብጡ፣ ከዚያ የራሳችሁን ጂሜይል ክፈቱና የሌላውን አስወጡ። የራሳችሁ ከሆነ አካውንቱ የሚመለስበትን ቁጥር ተመልከቱ። ወደ ዓረብ አገር የምትሄዱና ከዚያ የምትመለሱ እህቶቼ፣ ሲም በቀየራችሁ ጊዜ ሁሉ ይህን መመለሻ ቁጥር ቀይሩት፣ አሮጌው ሲም ገና በእጃችሁ እያለ። አደራ ያስቀመጣችሁበትን ወይም ያስቀመጠባችሁን ሰው ቁጥር ደግሞ በእስክሪብቶ ጻፉት።