ከሰመጡ በኋላ የምትመጣ ጀልባ

በአካባቢያችን ባሕርና ሐይቅ ላይ ሰው ባለቀ ቁጥር የሚፈጸም ሥርዓት አለ። ሰንደቅ ዓላማ ዝቅ ይላል፤ የሐዘን ቀን ይታወጃል፤ አጣሪ ኮሚቴ ይቋቋማል። ከዚያ ውኃው ይረጋል፤ እኛም አብረን እንረጋለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

በሴፕቴምበር 2018 (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኒየሬሬ የተባለችው የታንዛኒያ የመንገደኞች ጀልባ በቪክቶሪያ ሐይቅ ኡካራ ደሴት ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ተገልብጣ ከ220 በላይ ሰዎች አለቁ። ሲመሽ ፍለጋው እስኪነጋ ተቋረጠ። ከሁለት ቀን በኋላ አንድ መሐንዲስ በተገለበጠችው ጀልባ ሆድ በቀረ አየር እየተነፈሰ በሕይወት ተገኘ። እንግዲህ ጨለማ ፍለጋውን ባስቆመባት ሌሊት ከብረቱ ሥር የሚተነፍስ ሰው ነበረ ማለት ነው።

ለአማርኛ አንባቢም ጉዳዩ የሩቅ አይደለም። በኤፕሪል 2024 በጅቡቲ ጠረፍ፣ ጎዶሪያ አቅራቢያ፣ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባዎች ሰጥመው ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ተሳፋሪዎቹ ከየመን የሚመለሱ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ነበሩ።

«ድሆች ነን፤ ነፍስ አድን ጀልባ የባለጸጎች ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። ታሪክ ግን አይመሰክርላቸውም። በ1789 በእንግሊዝ አገር፣ የታይን ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ስፍራ፣ «አድቬንቸር» የተባለች መርከብ በማዕበል ተሰባብራ መርከበኞቿ ሕዝብ በዳር ቆሞ እያየ አለቁ። የሳውዝ ሺልድስ ሰዎች ግን በለቅሶ ብቻ አልተመለሱም። ማዕበል የሚችል ጀልባ ለሚነድፍ ሰው ሁለት ጊኒ ሽልማት አቀረቡ። በ1790 በመቅዘፊያ የምትሄደው ጀልባ ውኃ ላይ ዋለች፤ 40 ዓመትም አገለገለች። በ1824 የተመሠረተው የብሪታንያ ነፍስ አድን ማኅበርም እስከ ዛሬ በአመዛኙ የሚኖረው በሕዝብ መዋጮና በበጎ ፈቃደኞች ነው። ዛሬም በዚያው ወንዝ አፍ ነፍስ አድን ጀልባ በገመድ ታስራ ጥሪ ትጠብቃለች።

«ዓመቱን ሙሉ ሥራ ፈታ ለምትቆም ጀልባ ገንዘብ ማባከን ነው» ለሚለውም መልስ አለን። ሌባ ያልመጣበት ሌሊት የዘበኛው ደመወዝ ከንቱ ነውን? የነፍስ አድን ጀልባ ሥራዋ ዝግጁ ሆኖ መጠበቅ ነው። በእርግጥ ከልክ በላይ መጫን የብዙው እልቂት ምክንያት ነው፤ ጥፋተኛውም ይጠየቅ። ነገር ግን ፍርድ ቤት የሰመጠ ሰው አያወጣም።

ሰውስ ከየት ይገኛል? አለን። በኖቬምበር 2022 43 ሰዎች የያዘ አውሮፕላን ቡኮባ አጠገብ ቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ ሲወድቅ ቀድመው የደረሱት ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። 24 ሰዎች ተርፈዋል። እነዚህን ጀግኖች ከአደጋ በኋላ ማወደስ መልካም ነው፤ ከአደጋ በፊት ማሠልጠንና ማስታጠቅ ግን ግዴታ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ተአምር አይደለም። ከእያንዳንዱ የመንገደኛ ትኬትና በወደብ ከሚቆም የመዝናኛ ጀልባ ኪራይ ጥቂት ሳንቲም ይቀነስ። ሰው በሚሻገርበት ወደብና የወንዝ አፍ ሁሉ ነዳጇ የተሞላ፣ የሌሊት መብራት ያላት፣ ተረኞቿ በስም የሚታወቁ አንዲት ጀልባ ትታሰር። ይህን ያላደረገ ባለሥልጣን በሚቀጥለው የሐዘን ቀን ጥቁር ለብሶ ከፊታችን ሲቆም፣ ከለቅሶው በፊት ጀልባዋ የት እንዳለች እንጠይቀው።