የወረዳውን መኪና ጣሪያ አትብሱት

ባለፈው ክረምት ከነቀምቴ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ከሚወርዱት ወረዳዎች ወደ አንዱ ለዘገባ ሄጄ ነበር። የተሳፈርኩት በግብርና ጽሕፈት ቤቱ ረጅም ላንድክሩዘር ሲሆን ቦታዬ ከኋላ፣ ከክትባት ሳጥኑ አጠገብ ነው። ከፊት ለፊቴ የተቀመጠው የእንስሳት ጤና ባለሙያ መዝገቡን ጃኬቱ ሥር ደብቆታል። ዳገት ስንወጣ ውሃው በእኔ አንገት፣ ቁልቁለት ስንወርድ በእሱ ጉልበት ላይ ይንጠባጠባል። ቀና ብዬ ሳይ ጣሪያው ላይ አራት ቀዳዳዎች አሉ፤ በሳሙና ተደፍነው ነበር፤ ሳሙናው ሟሙቷል። ሾፌሩ በመስታወቱ አይቶኝ ሳቀና «እሱ የሞንታርቦ ቀዳዳ ነው፤ ሞንታርቦው ከሄደ ሁለት ዓመቱ» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ የክትባት ዘመቻ ለቅስቀሳ ድምፅ ማጉያ ያስፈልጋል ተባለ። መኪናው ወደ ጋራዥ ተወሰደ፣ ጣሪያው በትራፓን ተበሳ፣ ሞንታርቦው በቡሎንና በዳዶ ታሰረ። ዘመቻው ሲያልቅ ሞንታርቦው ለሌላ ሴክተር ተሰጠ፤ ቀዳዳው ለግብርና ቀረ። ቀጥሎ ፖርቶመጋላ ሲገጠም ሌላ ስድስት ቀዳዳ፣ የጭጋግ መብራት ሲጨመር ሁለት፣ እሳት ማጥፊያ ሲሰቀል ደግሞ ሁለት። ማንም ክፉ አላሰበም። ሁሉም የየራሱን ሥራ ሊሠራ ነበር።

የጋራዥ ወሬ በግብርና ገጽ ላይ ምን ያደርጋል የሚል አንባቢ አይጠፋም። የሚያደርገው አለው። በወለጋ ወረዳዎች ምርጥ ዘር፣ ክትባትና ባለሙያ ቀበሌ የሚደርሱት በአንድ ወይም በሁለት መኪና ነው። በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ መጤ ተምች በቆሎ ላይ ሲወርድ ኬሚካልና የመርጫ መሣሪያ ጭነው ማሳ ለማሳ የዞሩት እነዚሁ መኪኖች ናቸው። በዴዴሳና በአንገር ሸለቆ የገንዲ በሽታን የምታስተላልፈውን ቆላ ዝንብ ለመከላከል ወጥመድ የሚያመላልሱትም እነርሱ ናቸው። መኪናዋ ነቀምቴ ጋራዥ ገብታ ወር ከቆየች የዘገየው ሥራ ሄዶ ሄዶ የሚቆጠረው በገበሬው ከብት ላይ ነው። የእንስሳት ክትባት በአብዛኛው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ውስጥ መቆየት አለበት፤ መኪና እስኪጠገን አይጠብቅም።

በምትኳ ሌላ መግዛትም እንደ ድሮው አይደለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመኪናም የመለዋወጫም ዋጋ የት እንደደረሰ የፋይናንስ ባልደረቦች ከእኔ በላይ ያውቁታል። ስለዚህ ያለችው መኪና ለሌላ አሥር ዓመት መቆየት አለባት።

አንድ ቀዳዳ ይህን ያህል ምን ያመጣል? የመኪና ላሜራ ዕድሜው በላዩ ባለው ስስ ልባስ ነው። ትራፓን ሲያልፍበት ቀለሙም ከሥሩ ያለው ጸረ ዝገትም አብሮ ይነሳና የቀዳዳው ጠርዝ ራቁቱን ይቀራል። የሥራው ብናኝ ብረትም ጣሪያው ላይ ካልተጠረገ በማግስቱ ራሱ ዝጎ ቀለሙን ይበላል። ነቀምቴና አካባቢዋ በዓመት 2 ሺህ ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ያገኛሉ፤ ዝናቡም በወር በሁለት ወር የሚያበቃ አይደለም። ቀዩ አፈራችን ደግሞ በላሜራው እጥፋት ውስጥ ገብቶ እርጥበቱን እንደ ስፖንጅ ይዞ ያቆየዋል። ዝገቱ ከውስጥ ስለሚጀምር ላዩ ላይ ቀለም ሲያብጥ ባየንበት ቀን ከሥሩ ያለው ብረት እንደ ወረቀት ሳስቷል።

ግብርና ደግሞ የራሱ ተጨማሪ ጠላት አለው፤ ማዳበሪያ። ኤን ፒ ኤስ ከረጢቱ ሲቀደድ የሚበተነው ፍሬ ውስጥ የአሞኒየም ጨው አለ። ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ረጥቦም ብረት ይበላል። የፒክአፕ የጭነት ወለል ተበስቶ ማዳበሪያ ሲጫንበት ፍሬው በቀዳዳው እየገባ ከሥር ይከማቻል። መጥረጊያም ውሃም አይደርስበት። በሁለት ክረምት ውስጥ ወለሉ የተበሳሳበት ፒክአፕ አይቻለሁ፤ ባለቤቱም ጥፋቱን በመኪናው ሥሪት ሲያሳብብ ሰምቻለሁ።

ሳይበሱ መግጠም ይቻላል። ለዚህም አዲስ ቴክኖሎጂ አያስፈልግም፤ መኪናው ራሱ ቦታውን አዘጋጅቶ መጥቷል። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ የሚመረተው የላንድክሩዘር 70 ቤተሰብ፣ የወረዳዎቻችን ረጅሙ መኪና ከእርሱ ነው፣ በጣሪያው ግራና ቀኝ ከበሮቹ በላይ የዝናብ ማፍሰሻ ጠርዝ አለው። ፖርቶመጋላ እዚያ ላይ በክላምፕ ይታሰራል። ክላምፕ ማለት ጠርዙን ከላይና ከታች ነክሶ የሚይዝ ብረት ነው። በእያንዳንዱ ጎን ሦስት ወይም አራት እግር ከተደረገለት ሸክሙ ጣሪያው መካከል ላይ ሳይሆን ጠንካራው ጠርዝ ላይ ያርፋል። ብረት ከቀለም ጋር እንዳይፋተግ በመካከል ከአሮጌ ካላማዳሪ የተቆረጠ ጎማ ይገባል። ሞንታርቦውም ቢፈለግ ፖርቶመጋላው ላይ ይታሰር፤ ዘመቻው ሲያልቅ በአንድ ቁልፍ ይፈታል፤ ለሌላ ሴክተር ሲሰጥም ቀዳዳ ትቶልን አይሄድም።

የድርብ ጋቢና ፒክአፕ ጣሪያ ይህ ጠርዝ የለውም። ለእርሱ የሚሻለው ሸክሙን ከጣሪያው ማውረድ ነው። ከኋላ በጭነት ሳጥኑ ከንፈር ላይ በክላምፕ የሚቆም የብረት ፍሬም ይሠራለታል፤ መርጫውም፣ ጀሪካኑም፣ ስኮርት ጎማውም እዚያው ይሰቀላል። የነቀምቴና የጊምቢ በያጆች ይህን ለመሥራት ልኬት እንጂ ትምህርት አያስፈልጋቸውም። ፍሬሙ ግን ውጭ ተበይዶ ይምጣ። መኪናው ላይ የግድ መበየድ ካለበት አስቀድሞ የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀል፤ የብየዳ ኤሌክትሪክ የአዳዲሶቹን ሞተር መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል።

መብራት ከፊት ፓራውልቱ ጠባቂ ብረት ላይ በዙሪያው በሚታቀፍ ክላምፕ ይቆማል። ሽቦው ወደ ጋቢና የሚገባው ፋብሪካው ለሌሎች ሽቦዎች ባስቀመጠው ጎማ ባለበት ቀዳዳ በኩል ሲሆን ባትሪው አጠገብ ፊውዝ ይደረግለታል። የክትባት ሳጥን ማቆሚያ ወይም እሳት ማጥፊያ ከወንበሩ እግር ቡሎን ጋር አብሮ ሊታሰር ይችላል። ስስ ብረት ይቆረጣል፣ ቡሎኑ ይፈታል፣ ብረቱ ከሥሩ ገብቶ እንደገና ይጠበቃል። የደኅንነት ቀበቶ የታሰረበትን ቡሎን ግን ማንም አይንካ! ወለሉን ዝም ብሎ መብሳትም አደጋው የዝገት ብቻ አይደለም፤ ከሥር የነዳጅና የፍሬን ቱቦ ያልፋል። በአንዳንድ አዳዲስ ፒክአፖች የበሩ ምሰሶና የጣሪያው ጠርዝ ውስጥ የአየር ከረጢት ስላለ እዚያ ትራፓን ማስጠጋት አይሞከርም።

መካኒኮች «የተበሳ ነው የሚጠነክር» ሲሉ ትሰማላችሁ። ክላምፕ በኮረኮንች መንገድ እንደሚላላ እኔም አልክድም። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ሁሉም ዳዶ እንደገና መጠበቅ አለበት፤ ከዚያ በኋላ ዘይት ሲቀየር። ክላምፑ ሲላላ ግን ይሰማል፣ ይታያል፣ ሾፌሩ ያጠብቀዋል። ስስ ላሜራ ላይ የታሰረ ቡሎን ሲላላ ቀዳዳውን እያሰፋ ነው የሚሄደው። ሌባስ? እሱም እውነት ነው፤ በቁልፍ የታሰረ በቁልፍ ይፈታል። ከዳዶው ውጭ የተረፈውን የቡሎን ጥርስ በመዶሻ መምታት የቆየ መላ ነው፤ ሲፈለግ ተቆርጦ ይወጣል።

ማግኔትና ማጣበቂያ ግን ለእኛ መንገድ ብዙም አይሆኑም። ማግኔት ለቀላል አንቴና ይበቃል፤ ከሥሩ አቧራ ከገባ ግን ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ባለ ሁለት ፊት ማጣበቂያም ጋቢና ውስጥ ለስልክ መያዣ እንጂ ውጭ ለጀሪካን አይታመንም።

የወረዳ ኃላፊዎች ላይ ጥቂት ቅሬታ አለኝ። የጨረታ ሰነድ ሲዘጋጅ «ፖርቶመጋላ ከነመግጠሚያው» ተብሎ ይጻፍና አሸናፊው በዝቅተኛ ዋጋ ይለያል። በዚህ ዋጋ የሚመጣ ባለሙያ ትራፓን ይዞ ይመጣል፤ ለምን ብሎ ክላምፕ ይሠራል? ሰነዱ ላይ «የመኪናው አካል ሳይበሳ» የምትል አንዲት ሐረግ ብትጨመር ነገሩ ይለወጣል። መኪና ከሴክተር ወደ ሴክተር ሲዘዋወርም የርክክብ ቅጹ ክሪክንና ስኮርት ጎማን ይቆጥራል፤ ቀዳዳን አይቆጥርም። ይቁጠር። የተቀባዩ ፊርማ ያለበት ወረቀት ላይ «ጣሪያ ላይ 4 ቀዳዳ» ተብሎ ቢጻፍ የሚቀጥለው ዘመቻ አስተባባሪ ትራፓን ከማስነሳቱ በፊት ሁለት ጊዜ ያስባል።

ትራክተር ለገዛችሁ አርሶ አደሮችም አንድ ነገር ልበል። በመቀመጫው ዙሪያ የቆመው ወፍራም ፍሬም ትራክተሩ ቢገለበጥ ነጂውን የሚያተርፍ ነው። ለጥላ፣ ለመብራት ወይም ለቴፕ ተብሎ እርሱን መብሳትም መበየድም ጉልበቱን ይሰብራል። መብራቱ በክላምፕ ይታቀፍበት፤ ጥላውም እንዲሁ።

አስቀድሞ የተበሳውስ? ሳሙናው ይውጣ። ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ይፈተግ፣ ጸረ ዝገት ቀለም ይቀባ፣ ሲደርቅ በጎማ ውታፍና በሲሊኮን ይደፈን። ከክረምት በፊት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ይህን ለዚያ ሾፌር ስነግረው ዝም ብሎ አዳመጠኝና «ሲሊኮኑን በየትኛው በጀት እንግዛው?» አለ። የግዥ ክፍሉ ለሳሙና መደብ አለው፤ ለሲሊኮን የለውም።