ሥራን ደብቆ ስለ መያዝ

በአገራችን በጎጃም የቅኔ ተማሪ ቀን በዛፍ ጥላ ሥር የቆጠረውን ቅኔ ለነገራ ጊዜ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ያቀርባል፤ ስሕተት ቢገኝበት እዚያው ይታረማል።

በ2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ ኮድ መጻፍ የጀመርን ተማሪዎች ግን ሥራችንን እንደ ምሥጢር እንይዛለን። እኔም ከነዚሁ አንዱ ነበርሁ። የደምበጫን ገበያ ዋጋ የሚያሳይ ድረ ገጽ በኤችቲኤምኤልና በሲኤስኤስ ሠርቼ «ሳያልቅ አላሳይም» በማለት ብዙ ሳምንት ደበቅሁት። በመጨረሻ አንድ ጓደኛዬ በስልኩ ቢከፍተው ፊደሉ ከጤፍ ፍሬ አንሶ አልነበብ አለው። ለካ ስፋቱን 1000 ፒክስል ብዬ ቸንክሬው ኖሯል!

«ገበያተኛው እኮ ኮምፒዩተር ተሸክሞ አይመጣም» አለኝ።

አፈርሁ። ነገር ግን ስፋቱን በመቶኛ ለውጬ፣ ገጹ በስልኩ ልክ እንዲከፈት የሚያዝዘውን አንድ መስመር በኤችቲኤምኤሉ ራስ ላይ ብጨምር ተስተካከለ። ያን ሁሉ ሳምንት ያባከንሁት በኩራቴ ነው።

ተመልካቹም ጥፋት አለበት። «ቆንጆ ነው፤ በርታ» ብሎ መሄድ ለይሉኝታ ይበጅ ይሆናል፤ ለሠሪው ግን ምንም አልፈየደለትም። በምን ስልክ እንዳየው፣ የትኛው ቁልፍ እንዳልሠራለት ለይቶ ይንገረው እንጂ።

እኔ በበኩሌ ትምህርት ሲከፈት በመጀመሪያው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ያልተጠናቀቀውን አዲሱን ገጼን ይዤ በኮምፒዩተር ክፍል እገኛለሁ። መተቸት የሚሻ ይምጣ፤ ስልኩንም አይርሳ።