ማዳበሪያ የሚያበቅል ቁጥቋጦ

የአገራችን ገበሬ ባቄላ በተነሣበት ማሳ ላይ ስንዴ ሲዘራ ምርቱ እንደሚያምርለት ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ሳይንስ ምክንያቱን ያስረዳው ኋላ ነው። ከምንተነፍሰው አየር ከመቶ 78 እጁ ናይትሮጅን ቢሆንም፥ ተክል እንዲሁ ሊመገበው አይችልም። የባቄላ ወገን በሆኑት ተክሎች ሥር ላይ ባሉት እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ግን ይህንኑ ናይትሮጅን ወደ ምግብነት ይለውጡላቸዋል።

የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባቋቋሙት በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ኮረብታ ላይ የቆመ ሰው ይህን ማሰቡ አይቀርም። 705 ሄክታር ስፋት ባለው በዚህ ሥፍራ ባሕር ዛፍ ለብዙ ዘመን ነግሦ ኖሯል፤ አሁን አገር በቀል ዕፅዋት ቦታቸውን እየተረከቡ ነው። የደከመን አፈር ለማዳን ከሚረዱት መካከል የባቄላ ወገን የሆኑ ቁጥቋጦዎች ይገኙበታል። ቢጫ አበባ ያለው ድግጣ የራሳችን ነው። ከካናሪ ደሴቶች የመጣው፥ ነጭ አበባውን ንብ የሚወደው ትሪ ሉሰርን ደግሞ የደጋን ብርድ ስለሚችል በገበሬው ጓሮ ለከብት መኖ ይተከላል፤ ውሃ የሚተኛበትን መሬት ግን አይወድም።

ነገሩ የአትክልተኛ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት ሲነሣ የማዳበሪያ ዋጋ ምን ያህል እንደናረ እናስታውሳለን። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ በጎዴ ለማቆም ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር ውል ተፈርሟል። ፋብሪካው ናይትሮጅንን ከአየር የሚወስደው በተፈጥሮ ጋዝና በብርቱ ሙቀት ነው፤ ቁጥቋጦው በፀሐይ ኃይል ይሠራዋል። ይሁንና የዚያን ያህል ማሳ ሊመግብ ስለማይችል አንዱ ሌላውን አይተካም።

ደግሞም ቁጥቋጦ ስለተተከለ ብቻ ጎረቤቱን አይመግብም። አብዛኛውን ናይትሮጅን በራሱ አካል ውስጥ ያኖረዋል፤ ወደ አፈር የሚመለሰው ቅጠሉ ሲረግፍ ወይም ተቆርጦ ሲበሰብስ ነው። ከብት ቢበላውም በፍጉ ይመለሳል። ፍጉ ኩበት ሆኖ ከነደደ ግን ናይትሮጅኑ ከጢሱ ጋር ወደ መጣበት አየር ይሄዳል።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ በሚካሄደው ዘመቻ የችግኝ ቁጥር የምንመዘግብ ወጣት ሠራተኞች ሆይ፥ በመዝገባችን ላይ ሁለት ጥያቄዎች እንጨምር፤ ቅጠሉ ወዴት ሄደ? ቤተሰቡስ በምን አበሰለ? ገበሬው ከኩበት ሌላ ማገዶ ሳያገኝ ቁጥቋጦ ብቻ ማደል በቀዳዳ እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት ነው።